ለልጅ ሲሆን ውሸት ይፈቀዳልን?

የአልቀማን ታሪክ ሳይሰማ ያደገ የሙስሊም ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። አልቀማ የሚሰግድ፣ የሚጾም፣ የሚመጸውት ወጣት ነበር ይባላል። ሞት አፋፍ ላይ ሲደርስ ግን ምላሱ ተሳስሮ «ላ ኢላሀ ኢለላህ» ማለት ተሳነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እናቱን አስጠርተው ቢጠይቋት ሚስቱን ከእርሷ ያስበልጥ ስለነበር እንደተቀየመችው ተናገረች። ይቅር እንድትለው ቢለምኗት እምቢ አለች። በዚህ ጊዜ ቢላል እንጨት እንዲሰበስብና ወጣቱ በእናቱ ዐይን ፊት በእሳት እንዲቃጠል አዘዙ። የእናት አንጀት አልችል አለ፤ ይቅር አለችው፤ ምላሱ ተፈታ፤ ሸሃዳውን ብሎ ሞተ። ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ተራኪው ድምፁን ይለውጥና ወደ ሕፃኑ ዞር ይላል፦ «አየህ? እናቱን ያስቀየመ እንዲህ ነው የሚሆነው!»

ሕፃኑ አምስት ዓመቱ ነው። የሠራው ጥፋት ምሳዬን አልበላም ማለቱ ነው።

እስቲ መጀመሪያ የታሪኩን መሠረት እንመልከት። ዘገባው የሚመጣው ፋኢድ ኢብኑ ዐብዱረሕማን በተባለ ሰው በኩል ነው። የሐዲስ ሊቃውንት ይህን ሰው ጥለውታል። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበል የፋኢድን ዘገባ ስላልወደዱት ከጽሑፋቸው ላይ ሰርዘውት እንደነበር ልጃቸው ዐብዱላህ በሙስነዱ ውስጥ መስክሯል። ኢብኑል ጀውዚ ደግሞ የተቀጠፉ ሐዲሶችን ለማጋለጥ በጻፉት መጽሐፍ ውስጥ አስገብተውታል። ሰነዱን ትተን ይዘቱን ብንመዝነው እንኳ አያስኬድም። ቡኻሪ በዘገቡት ሶሒሕ ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በእሳት የሚቀጣ አላህ ብቻ መሆኑን ገልጸው ሰው ሰውን በእሳት እንዳይቀጣ ከልክለዋል። እኛ ግን እኚህኑ ነቢይ ለአንድ በጣር ላይ ላለ ሰው ማገዶ ሲያስለቅሙ አድርገን በልጃችን ልብ ውስጥ እንስላቸዋለን። ልጁ በዓለም ላይ ከሁሉ ይበልጥ እንዲወዳቸው የምንፈልጋቸውን ሰው የሚያውቃቸው በዚህ ሥዕል ነው። ከዚያ በኋላ «ነቢያችን ለሕፃናት እጅግ አዛኝ ነበሩ» ብንለው እንዴት አድርጎ ይመን?

«ቢሆንስ ምን ይጎዳል? ልጁ እናቱን እንዲያከብር አይደለም እንዴ የተነገረው?» የሚል ወላጅ እንደሚኖር አውቃለሁ። ክርክሩ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው የሂጅራ ክፍለ ዘመን የመርው ከተማ ቃዲ የነበረው ኑሕ ኢብኑ አቢ መርየም ስለ እያንዳንዱ የቁርኣን ምዕራፍ ትሩፋት የሚናገር ዘገባ በኢብኑ ዐባስ ስም ያስተላልፍ ነበር። ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ፣ ሰዎች ቁርኣንን ትተው በአቡ ሐኒፋ ፊቅህና በኢብኑ ኢስሐቅ የዘመቻ ታሪኮች ተጠምደው ስላያቸው ለአላህ ብሎ እንደቀጠፈው መናገሩ በሐዲስ ጥናት መጻሕፍት ተመዝግቧል። ከዚህ የበለጠ ቅን ሐሳብ ከየት ይመጣል? ሰዎች ቁርኣን እንዲያነቡ! ይሁንና ሊቃውንቱ «ሐሳቡ መልካም ነው» ብለው አላለፉትም። የቀጣፊዎች ምሳሌ አድርገው ነው ስሙን ለትውልድ ያስተላለፉት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሆን ብሎ በእርሳቸው ላይ የዋሸ ሰው መቀመጫውን በእሳት ውስጥ እንዲያዘጋጅ ማስጠንቀቃቸው እጅግ በብዙ ሶሐባዎች የተዘገበ ነው። በዚያ ማስጠንቀቂያ ውስጥ «ለልጅ ማሳደጊያ ካልሆነ በስተቀር» የሚል አልተጨመረበትም።

ለሕፃን የሚነገር ውሸት በሸሪዓችን ቀላል ነገር መስሎን ከሆነ ደግሞ አቡ ዳውድ የዘገቡትን እናስታውስ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዓሚር ትንሽ ልጅ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። እናቱ «ና፣ አንድ ነገር እሰጥሃለሁ» ብላ ጠራችው። ምን ልትሰጠው እንዳሰበች ጠየቋት። ተምር አለች። ምንም ሳትሰጠው ብትቀር ኖሮ አንድ ውሸት ይጻፍባት እንደነበር ነገሯት። እንግዲህ ባዶ እጅን ዘርግቶ ሕፃን መጥራት ውሸት ሆኖ የሚጻፍ ከሆነ፣ ያልሆነን ታሪክ በአላህ መልእክተኛ ስም ፈጥሮ፣ በእሳትና በማገዶ አጅቦ ለሕፃን መንገር በምን ሒሳብ ነው ተርቢያ የሚባለው?

የታሪክ ተራኪዎች ነገር ሙስሊሙን ኅብረተሰብ ሲያስቸግር የኖረው ከጥንት ነው። «ቁሷስ» ይባሉ ነበር፤ በየመስጊዱና በየገበያው ሕዝብ ሰብስበው ሲያስለቅሱ የሚውሉ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ደጋግ ዓሊሞች የነበሩትን ያህል እንባ ለማፍሰስ ሲሉ ያገኙትን ሁሉ የሚያወሩም ሞልተው ነበር። በ597 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑል ጀውዚ ስለ ተራኪዎች ራሱን የቻለ መጽሐፍ ጽፈዋል። በ911 ያረፉት ሱዩጢም እንዲሁ ከተራኪዎች ቅጥፈት የሚያስጠነቅቅ መጽሐፍ አላቸው። አንድ ተራኪ በባግዳድ ሩሳፋ መስጊድ ውስጥ አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና የሕያ ኢብኑ መዒን ተቀምጠው ሳለ «አሕመድና የሕያ እንዲህ ብለው ነገሩን» እያለ በስማቸው ሲቀጥፍ ሰሙት የሚባለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል። እጅግ የሚያስቅ ታሪክ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍም በጣም በተመቸኝ ነበር። ነገር ግን ዘሀቢ የታሪኩን ዘጋቢ እንደማያውቁትና ታሪኩም የፈጠራ እንዳይሆን እንደሚሰጉ ጽፈዋል። ስለ ቀጣፊዎች የሚነገረው ታሪክ ራሱ የተቀጠፈ ሊሆን ይችላል ማለት ነው! የቀደሙት ሊቃውንት ለራሳቸው ወገን የሚመች ታሪክ ሲመጣ እንኳ ሚዛኑን አልጣሉም ነበር።

ጉዳቱ ምን እንደሆነ ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። የዛሬው የአምስት ዓመት ልጅ ነገ አሥራ አምስት ዓመት ይሞላዋል። በእጁ ስልክ ይኖረዋል። አንድ ሌሊት ብቻውን ተኝቶ የታሪኩን ስም ይጽፍና «መሠረት የለውም» የሚል ያነባል። ቀጥሎ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ በየቀኑ ቆሻሻ ትደፋ የነበረችውን ጎረቤት፣ ስትታመም ሄደው የጠየቋትን፣ ይፈልጋል፤ እርሷም በታወቁት የሐዲስ መዛግብት ውስጥ በሰነድ አትገኝም። ዑመር (ረ.ዐ) ከእስልምና በፊት ሴት ልጃቸውን ከነሕይወቷ ሲቀብሩ ጢማቸው ላይ ያለውን አቧራ እያራገፈችላቸው ነበር የሚለውን፣ እናቱ እያለቀሰች የነገረችውን፣ ይፈልጋል፤ እርሱም ትክክለኛ መሠረት የለውም። በዚያች ሌሊት ልጁ ራሱን የሚጠይቀው ስለ አልቀማ ይመስላችኋል? «ታዲያ ሌላው የነገሩኝ ሁሉስ?» ነው የሚለው። ያን ጊዜ እናቱን ቀስቅሶ አይጠይቃትም። ኡስታዙንም አይጠይቅም፤ ምክንያቱም የነገሩት እነርሱ ናቸው። ልጆቻችን ወደ ጥርጣሬ ገቡ እያልን ስናማርር ጥፋቱን በትምህርት ቤት፣ በፊልም፣ በጓደኛ ላይ እንደፈድፋለን። ከቤታችን የወጣውንም ድርሻ መቁጠር ይገባናል።

በዚህ ላይ የዕለት ከዕለቱ ማስፈራሪያ አለ። ወተት ያፈሰሰችውን የአራት ዓመት ልጅ «አላህ በእሳት ያቃጥልሻል!» የማይል ቤት ስንት ነው? ከወንድሙ ጋር የተጣላውን «ጀሀነም ትገባለህ!»፣ መተኛት እምቢ ያለውን «ጂኒ መጣልህ!»። ይህ ንግግር ቁጣ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚነቀፈው። በአላህ ላይ የሚነገር ሐሰት ነው። ከሕፃን ልጅ ላይ እስኪጎለምስ ድረስ ብዕር የተነሳ መሆኑን፣ ማለትም ወንጀል የማይጻፍበት መሆኑን፣ በሐዲስ የተነገረንን ሁላችንም እናውቃለን። አላህ የማይጠይቃትን ሕፃን አላህ ያቃጥልሻል ማለት አላህ ያላለውን ማለት ነው። ሶላት እንኳ፣ ያ ታላቁ የእምነት ምሰሶ፣ ልጅ በሰባት ዓመቱ እንዲታዘዝና በአሥር ዓመቱ ብቻ እንዲቀጣ ነው የተደነገገው። በመካከሉ ያሉት ሦስት ዓመታት የማስተማር፣ የማስታወስና የማለማመድ ጊዜ ናቸው። ከሰባት በፊት ያለውስ? እርሱ የፍቅር ዘመን ነው። እኛ ግን ልጁ ስለ አላህ የሚያውቀው የመጀመሪያው ነገር እሳት ያለው መሆኑን ብቻ እንዲሆን እናደርጋለን።

ሉቅማን ልጁን እንዴት እንዳስተማረ ቁርኣን አስቀምጦልናል። አላህ ሁሉን የሚያውቅ መሆኑን ሊያስረዳው ሲፈልግ የሰናፍጭ ፍሬ ነው ያነሳለት። ያቺ ፍሬ በቋጥኝ ውስጥ ብትሆን፣ በሰማያት ወይም በምድር ውስጥ ብትሆን አላህ እንደሚያመጣት ነገረው። ሰናፍጭ በእኛ ጓዳ ውስጥ አለ። አንዲት እናት አንዷን ፍሬ በልጇ መዳፍ ላይ አስቀምጣ፣ «ይህቺን ተራራ ውስጥ ብንደብቃት ማን ያገኛታል?» ብላ ብትጠይቀው ስንት ነገር ታስተምረዋለች! ልጁ ፍሬዋን ይፈልጋታል፣ ትጠፋበታለች፣ ይስቃል። አላህ እንደሚያየው ያውቃል፤ ሲያውቅም አልተንቀጠቀጠም። ሉቅማን ሐበሻዊ ነበር ያሉ ከቀደምት ሙፈሲሮች መካከል አሉ። ይህንንም ለልጃችን ልንነግረው እንችላለን፤ ነገር ግን «ይባላል» ብለን ነው የምንነግረው፤ ቁርኣን አላለምና። «ይባላል» የምትለው ትንሽ ቃል ልጅን የምታሳድግ ቃል ናት።

እውነተኛው ታሪክ ያንሰናል እንዴ? የሚገርመኝ ይህ ነው። ወላጅን ማክበር ለማስተማር አልቀማን ፍለጋ የምንሄደው ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የሦስቱ የዋሻ ሰዎች ታሪክ በእጃችን እያለ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የተረኩት ታሪክ ነው። ሦስት መንገደኞች ዋሻ ውስጥ ገቡ፤ ቋጥኝ ተንከባሎ በሩን ዘጋው። ማንም አያያቸው፣ ማንም አይሰማቸው። እያንዳንዱ ለአላህ ብሎ የሠራውን ሥራ እያነሳ ሊለምን ተስማሙ። አንደኛው በዕድሜ የገፉ ወላጆች ነበሩት። ማታ ማታ ከብቶቹን አልቦ መጀመሪያ ወተቱን ለእነርሱ ነበር የሚሰጠው፤ ከዚያ ነው ለገዛ ልጆቹ። አንድ ቀን ግጦሽ ርቆት አመሸ። ሲመለስ ተኝተዋል። አለበ፤ የወተቱን ዕቃ ይዞ ራስጌያቸው ቆመ። ሊቀሰቅሳቸው አልፈለገም፤ ከእነርሱ በፊት ለልጆቹ መስጠትንም ጠላ። ልጆቹ ረሃብ ይዟቸው እግሩ ሥር ይንጫጫሉ። ጎሕ እስኪቀድ እንዲያው እንደቆመ ነጋ። ይህን ብሎ ሲለምን ቋጥኙ ጥቂት ፈቀቅ አለ፤ ሰማይ የሚያሳይ ያህል። ገና ሰው የሚያሳልፍ አይደለም።

ይህን ታሪክ ለልጅ ተርኩለትና ፊቱን ተመልከቱ። «ልጆቹስ ለምን አልጠጡም?» ይላችኋል። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ዑለማዎችም ጠይቀውታል። «ለምን አልቀሰቀሳቸውም?» ይላል። «ክንዱን አልደከመውም?» ይላል። በዚህ ታሪክ ውስጥ እሳት የለም፣ ማገዶ የለም፣ የተሳሰረ ምላስ የለም። ሌሊቱን ሙሉ የወተት ዕቃ ይዞ የቆመ አንድ ሰው ብቻ አለ። ወላጅን መውደድ ምን እንደሚመስል ለልጅ ከዚህ የበለጠ ማን ሊያሳየው ይችላል? የሦስተኛው ሰው ታሪክም ለልጅ ይሆናል፤ ደመወዙን ትቶ የሄደ የቀን ሠራተኛ ገንዘብ አባዝቶ የከብትና የበግ መንጋ ሲያደርስ፣ ባለቤቱም ተመልሶ ሲመጣ ሁሉንም ሲያስረክበው። የሁለተኛው ሰው ታሪክ ግን ዕድሜ ይጠይቃል፤ እስኪጎረምሱ ይቆይ። እውነተኛ ታሪክን በዕድሜ መምረጥ መቅጠፍ አይደለም።

ጎረቤትን መጠየቅና ይቅር ባይነትን ለማስተማርም ቆሻሻ ደፊዋ ሴት አታስፈልገንም። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግል የነበረ አንድ አይሁዳዊ ልጅ በታመመ ጊዜ ሊጠይቁት ሄደው ራስጌው እንደተቀመጡ ቡኻሪ ዘግበዋል። ወደ እስልምና ሲጋብዙት ልጁ ቀና ብሎ አጠገቡ ያለውን አባቱን አየ። አባትየው እንዲታዘዛቸው ነገረው። የአንድ ልጅ ዐይን ከነቢዩ ወደ አባቱ፣ ከአባቱ ወደ ነቢዩ ሲመላለስ ይታያችሁ! የጣኢፍም ታሪክ አለ፤ ሕዝቡ አሳዝኖ ከመለሳቸው በኋላ የተራሮች መልአክ ተራሮቹን ልጫንባቸው ወይ ብሎ ሲጠይቃቸው ከዘሮቻቸው አላህን የሚገዙ እንዲወጡ ተስፋ በማድረግ አልፈቀዱም። ሕፃን ልጅ የሞተችበትን ወፍ በተመለከተ እንኳ አለን፤ የአነስ ታናሽ ወንድም አቡ ዑመይር ይጫወትባት የነበረች ትንሽ ወፍ ሞታበት ሲያዝን ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቁልምጫ እየጠሩት ስለ ወፏ ይጠይቁት ነበር።

የቁርኣንን ታሪኮችም ስንነግር የምንፈራው ነገር ያለ ይመስላል። የነቢያትን ፍርሃትና ሐዘን ቆርጠን እንጥልና ተአምሩን ብቻ እናስቀራለን፤ በመጨረሻም «ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ» ብለን ልጁን እናስተኛዋለን። ሙሳ (ዐ.ሰ) በትራቸው እባብ ስትሆን ጀርባቸውን ሰጥተው እንደሸሹ ቁርኣን አልደበቀም። ያዕቁብ (ዐ.ሰ) ከሐዘን ብዛት ዐይኖቻቸው እስኪነጡ አልቅሰዋል። የዩሱፍ ምዕራፍ 111 አንቀጾች ናቸው፤ አላህ ከታሪኮች ሁሉ ያማረውን እንደሚተርክ በመግቢያው ላይ ነግሮናል። የሚጀምረው በአንድ ልጅ ሕልምና በወንድሞቹ ቅናት ነው። ታናሽ ወንድም የተወለደበት ልጅ ቅናት ምን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። ተዉት ይስማ። የቁርኣን የአማርኛ ትርጉም በ1961 ዓ.ም ከታተመ ስንት ዓመት ሆነው! ዐረብኛ አላውቅም የሚለው ምክንያት ለብዙዎቻችን አይሠራም።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ልዙር። ውሸትን በመጥላት ስም ልጅ ሁሉን ተረት እንዳይሰማ የሚከለክሉ አሉ። አንበሳ አይናገርም፣ ጦጣ አትመክርም፣ ስለዚህ ሐራም ነው ይላሉ። እነዚህን ወንድሞች የዓኢሻ (ረ.ዐ) ፈረስ ትመልስላቸው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ዓኢሻ መጫወቻዎቿን አስቀምጣ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመካከላቸው የጨርቅ ክንፍ ያለው ፈረስ አዩ። ይህ ምንድን ነው አሏት። ፈረስ ነው አለች። ፈረስ ክንፍ አለው እንዴ ሲሏት፣ ሱለይማን ክንፍ ያላቸው ፈረሶች እንደነበሩት አልሰሙም ወይ ብላ መለሰችላቸው። የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። አልተቆጡም፣ ክንፉን አልቀደዱም። የልጅ ጨዋታ ጨዋታ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

የእኛ አያቶችም ይህን ልዩነት በደንብ ያውቁ ነበር። «ተረት ተረት» ብለው ይጀምራሉ፤ ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ይህ መግቢያ ምን ያደርጋል? በር ይከፍታል። ከዚህ በር ወዲያ አያ ጅቦ ቢናገር፣ እመት ጦጣ ብትዳኝ ማንም ተዋሸሁ አይልም፤ ሁሉም ተስማምቶ ነው የገባው። ሲያበቃም «ተረቴን መልሱ አፌን በዳቦ አብሱ» ተብሎ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ሐቀኛ በር ይልቅ የሚያስፈራኝ «ነቢያችን እንዲህ አሉ» በሚል በር የሚገባው ተረት ነው። በዚያኛው በር የሚገባ ሁሉ ሰነዱን ማሳየት አለበት። ስለዚህ ለልጆቻችን ተረት እንንገር፤ ተረት ነው ብለን። የተባለውንም እንንገር፤ ይባላል ብለን። የተረጋገጠውን ግን ከየት እንደመጣ ስሙን ጠርተን እንንገር። የስድስት ዓመት ልጅ ሦስቱን መለየት አይችልም የሚል ካለ የስድስት ዓመት ልጅ አያውቅም ማለት ነው።

በተለይ እኛ በዚህ አገር የምንኖር ሙስሊሞች በታሪክ ድህነት ማማረር አያምርብንም። በ615 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ ሲመጡ ቤተሰብ ይዘው የመጡ ነበሩ፤ እዚህም ልጆች ወልደዋል። የጃዕፈር ልጅ ዐብዱላህ የተወለደው በሐበሻ ምድር ነው። የኻሊድ ኢብኑ ሰዒድ ልጅ ኡሙ ኻሊድም እንዲሁ። ስለዚህች ልጅ ቡኻሪ የዘገቡት ለልጆቻችን ስንቴ ተነግሯል? ቤተሰቧ ወደ መዲና በተሻገረ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበረች። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልብሶች መጡላቸው፤ ከመካከላቸው አንዲት ትንሽ ጥቁር ጥለት ያላት ልብስ ነበረች። ለማን ብንሰጣት ይሻላል ብለው ጠየቁ። ሰዉ ዝም አለ። ኡሙ ኻሊድን አምጡልኝ አሉ። ታቅፋ መጣች፤ በገዛ እጃቸው አለበሷት፤ ለብሳ እንድታረጃትም መረቋት። ከዚያ ልብሷ ላይ ወዳለው ጥለት እያመለከቱ «ሰናህ» አሏት። በሐበሻ ቋንቋ ያማረ ማለት ነው ይላል ዘገባው። እኛም «ሠናይ» የምንለው አለን። በሌላ ጊዜም ከአባቷ ጋር መጥታ በነቢዩ ጀርባ ላይ በሚታየው የነቢይነት ማኅተም መጫወት ስትጀምር አባቷ ሊቆጣት ቢሞክር እርሳቸው ተዋት አሉ።

ከስደት ለተመለሰች ሕፃን በተወለደችበት አገር ቃል ማናገር! በውጭ አገር ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ወገኖቻችን፣ በጅዳም ሆነ በዋሽንግተን፣ የልጆቻቸው አፍ በሁለት ቋንቋ መካከል ሲንገላታ የሚያዩ ሁሉ ይህን ታሪክ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ማስፈራሪያ ያለበት ታሪክ ግን አይደለም፤ ምናልባትም ያልተነገረው ለዚህ ይሆናል። የምንፈልገው ዝም የሚያሰኝ ታሪክ ነው። ኡሙ ኻሊድ ደግሞ ዝም አላለችም፤ ማኅተሙን ነካች።

በየመድረሳው የሚያስተምሩ ኡስታዞችም ቢሆኑ ልጅ «ይህ የት ተጻፈ?» ብሎ ሲጠይቅ ጆሮውን ከመቆንጠጥ ቢቆጠቡ መልካም ነው። ያ ልጅ የጠየቀው የሐዲስ ሊቃውንት ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጠይቁ የኖሩትን ነው።

የዋሻዎቹ ሰዎች ምዕራፍ፣ ሱረቱል ከህፍ፣ ለዚህ ትልቅ ማስረጃ አለው። ሦስት ናቸው አራተኛቸው ውሻቸው፣ አምስት ናቸው ስድስተኛቸው ውሻቸው፣ ሰባት ናቸው ስምንተኛቸው ውሻቸው እያሉ ሰዎች እንደሚከራከሩ ይነግረንና ቁጥራቸውን ጌታ እንደሚያውቅ ገልጾ ያልፋል። ኢብኑ ተይሚያ የውሻውን ቀለም፣ የሙሳን በትር ዛፍና የመሳሰለውን መመራመር ምንም ጥቅም እንደሌለው ጽፈዋል። ልጅ ግን ስለ ውሻው መጠየቁ አይቀርም። ስሙ ማን ነበር? ይላል። እኛም ያነበብነውን ወይም የሰማነውን አንድ ስም ወዲያው ልንወረውርለት እንቸኩላለን። «አልተነገረንም» ማለት ይቻላል እኮ። ልጁ ምናልባት ራሱ ስም ያወጣለት ይሆናል። ያውጣለት፤ ስሙን ያወጣው እርሱ መሆኑን እስካወቀ ድረስ።